ገመዱን የያዘው ሰው

አንድ የቆዳ ፋብሪካ ባለቤት ነበር። ስሙ ስንሻው ይባላል። ከቆዳ ፋቂነት ተነስቶ ባለ ፋብሪካ የሆነ፣ ሥራ የሚወድ፣ ንዝንዝ ግን የማይወድ ሰው ነው። በፋብሪካው ጓሮ የቆዳው እጣቢ የሚወርድበት ጥልቅ ጉድጓድ አለ። ሲደፈን ሰው በመሰላል ወርዶ ይጠርገዋል። ታዲያ እታች የታመቀው መጥፎ አየር ሳይታወቅ ራስን ያስታል። አንድ ሠራተኛ እዚያ ወድቆ በስንት መከራ ከወጣ በኋላ፣ ስንሻው ደባልቄ የሚባለውን ጠንቃቃ ሠራተኛ አስጠራና የጥንቃቄ ኃላፊ አድርጎ ሾመው።

«ከእንግዲህ የሰው ደህንነት ያንተ ጉዳይ ነው» አለው። «እኔ ጋ እንዳታመጣብኝ።»

ይህን ተናግሮ ቀለል አለው። ሸክሙን ከጫንቃው ያወረደ መሰለው፤ ያደረገው ግን ወደ ሌላ ሰው ጫንቃ ማዛወር ብቻ ነበር።

ደባልቄ ሹመቱን የምር ያዘው። ያለ ጓንት ኬሚካል የሚነካውን «ተው!»፣ ማሽኑን ሳያጠፋ እጁን የሚሰደውን «ቁም!» ይላል። ለጉድጓዱም ደንብ አወጣ። የሚወርድ ሰው ወገቡን በገመድ ይታሰራል፤ ከላይ ያሉት ገመዱን ይዘው በየመሃሉ «አለህ?» እያሉ ይጠሩታል፤ እሱም «አለሁ» ይላል። ድምፁ ከጠፋ ወዲያው ይጎትቱታል።

ሠራተኞቹ «አቶ ቁም» የሚል ስም አወጡለት። መጀመሪያ ቀልድ ነበር። አንድ ቀን ግን ጓንት አላጠልቅም ያለውን ሠራተኛ ወደ ቤቱ ሰደደው። ከዚያ ወዲህ ምሳ ሰዓት ላይ ብቅ ሲል ወሬው ይቋረጣል። «እንብላ» የሚለውም ጠፋ። በአገራችን ለማያውቁት መንገደኛ እንኳ የማይነፈግ ቃል ተነፈገው! ደባልቄ ምሳ ዕቃውን ይዞ ከተሰጣው ቆዳ ጀርባ ብቻውን መብላት ጀመረ። ለመደው አይባልም። ሰዎቹን ላትርፍ ሲል ሰዎቹን አጣ።

አንድ ክረምት ጉድጓዱ ተደፈነና ቆሻሻው ግቢውን አጥለቀለቀው። ደባልቄ ገመድ የሚይዙ ሰዎች ቢለምን ሁሉም ሥራ በዝቶብናል አሉት። አንዱማ «ኃላፊው አንተ አይደለህ እንዴ?» ብሎ ሳቀበት። ቢጨንቀው ወደ ስንሻው ሄደ።

«ጋሼ፣ ሰው ይስጡኝ። ያለ ሰው ማንንም አላስገባም።»

«እኔ ጋ አታምጣ አላልኩህም?» ስንሻው ተቆጣ። «ይህን ጉድጓድ በእጄ የቆፈርኩት እኔ ነኝ። ያለ ገመድ ስንቴ ገብቼ ወጥቻለሁ! ዞር በል፣ እኔው እገባለሁ።»

ደባልቄ መሰላሉ ፊት ተገተረ። «ሳይታሰሩ ግን አይወርዱም» አለ። ስንሻው እየተነጫነጨ ታሰረና ወረደ። ደባልቄ ገመዱን አጠገቡ ካለ ጉቶ ላይ ጠምጥሞ ያዘ።

«ጋሼ፣ አሉ?»

«አለሁ!»

ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ጠራ። «ጋሼ፣ አሉ?»

መልስ የለም።

ደባልቄ ባለ በሌለ ኃይሉ ጎተተ። ስንሻው ከባድ ሰው ነው፤ ገመዱ የደባልቄን መዳፍ እየላጠው ያልፋል እንጂ ሰውየው ንቅንቅ አይልም። አንድ ሰው ገመድ መያዝ ይችላል፤ ሰው ማውጣት ግን አይችልም። ጮኸ። ፋብሪካው ውስጥ ያሉት ጩኸቱን ሰሙ፤ «ያው የአቶ ቁም ነገር ነው» ብለው ወደ ሥራቸው ዞሩ።

ቆዳ የምትለየው አስካለች ብቻ ጆሮዋን ቀሰረች። «ዝም በሉ እስቲ! ደባልቄ ቁሙ ይላል እንጂ ድረሱልኝ ብሎ ያውቃል?» አለችና ሮጠች። ይህን ሲሰሙ ሌሎቹም ተከተሏት። ተረባርበው ጎተቱ። ስንሻው ከንፈሩ ጠቁሮ ወጣ፤ አየር ሲያገኝ ቀስ በቀስ ነፍስ ዘራ።

ዓይኑን ሲገልጥ መጀመሪያ ያየው የደባልቄን የደማ መዳፍ ነበር።

«ብቻህን ነበር የያዝከኝ?»

«ጋሼ፣ ከሾሙኝ ቀን ጀምሮ ብቻዬን ነኝ» አለ ደባልቄ።

ስንሻው በማግስቱ ሠራተኞቹን ሰብስቦ «ጥፋቱ የእኔ ነው፤ የእኔንም የእናንተንም ሸክም ለአንድ ሰው ሰጠሁት» አላቸው። ከዚያ ወዲህ ሰው ወደ ጉድጓዱ በወረደ ቁጥር ባለቤቱ ራሱ ከገመድ ያዦቹ አንዱ ሆነ። ስብሰባው በተደረገበት ቀን ምሳ ሰዓት ላይ አስካለች «ደባልቄ፣ ና እንብላ» ስትል ተጣራች። መጣ፤ ግን ከዳር ነው የተቀመጠው። ብቸኝነት እንደ ቆዳው ሽታ ነው፤ በአንድ ቀን አይለቅም።

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይባላል። የሰው ሕይወት ጥበቃም እንደዚያው ነው። ኃላፊ መሾም ከኃላፊነት አያወጣም፤ «ቁም» የሚለን ሰውም ጠላታችን አይደለም፣ ወደ ቤታችን በሰላም እንድንገባ የሚፈልግ ነው።

እርስዎ በሚሠሩበት ቦታ ገመዱን የያዘው ሰው ማን ነው? ዛሬ «እንብላ» ብለውታል?