ጥርስ የሌላት አያትና የጎሹ ቅልጥም

ተረት ተረት፤ ገና ቤት ሳይኖር መሠረት።

ድስትም ቢላዋም ባልተሠራበት፣ ሰው ዋሻ ውስጥ በሚኖርበት በዚያ በጥንት ዘመን፣ አንድ ጎሽ ተጥሎ ከአንድ ሐይቅ በላይ ባለ ዋሻ የሚኖር ሰው ሁሉ ጠገበ። ሁሉም ስል ጤዛ የምትባል የአንዲት ትንሽ ልጅ አያት ሳልጨምር ነው። አሮጊቷ ጥርሷ አልቋል፤ የጎሽ ሥጋ ደግሞ ጥርስ ይፈልጋል። የምትችለው የቅልጥሙን መቅኔ ብቻ ነበር። እህል ከቀመሰች ሰንብታለችና፣ ዛሬም ሳትቀምስ ካደረች ነገን ማየቷ ያጠራጥራል። ትንሿ ጤዛ ቅልጥሙን በድንጋይ መታችው፤ ድንጋዩ ነጥሮ ጣቷን አላት።

ባልጩት ጠርቦ ስለት ወደሚያወጣው ሰውዬ ሄደች።

"አጎቴ፣ ይህን ቅልጥም ስበርልኝ። አያቴ ጦሟን ልታድር ነው።"

"ጠግቤ ከተጋደምኩ በኋላ አልነሳም" አለ። መነሳትም አያስፈልገው፤ ድንጋዩ እጁ ላይ ነበር።

እሳት ጠባቂዋ ዘንድ ሄደች። ያኔ ክብሪት የለም፤ እሳት ከጠፋ ጠፋ ነውና ይህች ሴት ቀን ከሌት ትጠብቀዋለች።

"አክስቴ፣ ጠራቢውን ከእሳቱ ዳር አባርሪልኝ። ጠራቢው ቅልጥሙን አልሰብርም አለ፣ አያቴም ጦሟን ልታድር ነው።"

"በሰው ነገር አታስገቢኝ" አለች። የሰው ነገር ሆነ እንግዲህ፣ አጠገቧ የተኛች አሮጊት ረሃብ።

በሰጎን እንቁላል ቅርፊት ውሃ የሚቀዳው ጋ ሄደች።

"አጎቴ፣ እሳቱ ላይ ውሃ ድፋበት። እሳት ጠባቂዋ ጠራቢውን አላባርርም አለች፣ ጠራቢው ቅልጥሙን አልሰብርም አለ፣ አያቴም ጦሟን ልታድር ነው።"

"ከሐይቅ ድረስ የተሸከምኩትን?" አለና እንቁላሉን አቅፎ ፊቱን አዞረ።

ቆዳ አልፍታ መኝታ የምታደርገው ሴት ጋ ሄደች።

"አክስቴ፣ ውሃ ቀጂውን መኝታ ከልክዪው። ቀጂው እሳቱን አላጠፋም አለ፣ እሳት ጠባቂዋ ጠራቢውን አላባርርም አለች፣ ጠራቢው ቅልጥሙን አልሰብርም አለ፣ አያቴም ጦሟን ልታድር ነው።"

"እኔ ከማንም አልጣላም" አለች ፈገግ ብላ። ከማንም የማይጣላ ሰውን ያህል የሚያናድደኝ የለም።

በመጨረሻ ጎሹን የጣለው አዳኝ፣ ነብሮ፣ ፊት ቆመች። 

"አጎቴ ነብሮ፣ ለቆዳ አልፊዋ ቆዳ አታምጣላት። አልፊዋ ቀጂውን መኝታ አልከለክልም አለች፣ ቀጂው እሳቱን አላጠፋም አለ፣ እሳት ጠባቂዋ ጠራቢውን አላባርርም አለች፣ ጠራቢው ቅልጥሙን አልሰብርም አለ፣ አያቴም ጦሟን ልታድር ነው።"

"የእኔ ሥራ መግደል ነው፤ ማብላት የእኔ አይደለም" አለ ነብሮ። ይህን የሚለው ሥጋ እያላመጠ በጨቅላ ልጁ አፍ እየከተተ ነው።

ጤዛ ልጁን አየችው።

"ይሄ ልጅ ጥርስ የለውም" አለች።

"የለውም።"

"ስለዚህ ታላምጥለታለህ።"

"ታዲያ ማን ያላምጥለት?"

"አንተስ ጥርስ ሳታወጣ ማን አላመጠልህ?"

ነብሮ ማላመጡን አቆመ። እናቱ እሱን ስትወልድ እንደሞተች በዋሻው የማያውቅ የለም። ያላመጠችለት ያቺ ጥግ የተኛችው አሮጊት ናት። ለጠራቢውም፣ ለእሳት ጠባቂዋም፣ ለቀጂውም፣ ለአልፊዋም ያላመጠችው እሷው ናት። ጥርሷ በማን ጉርሻ ያለቀ መሰላችሁ?

ነብሮ ልጁን አቅፎ ብድግ አለ። "ከእንግዲህ ቆዳ የለም" አላት አልፊዋን። አልፊዋ የቀጂውን መኝታ ከሥሩ ጎተተች፣ ቀጂው እንቁላሉን ወደ እሳቱ አዘነበለ፣ እሳት ጠባቂዋ ጠራቢውን "ተነስ" አለችው፣ ጠራቢው ድንጋዩን አነሳ፣ ቅልጥሙም ጧ አለ።

አሮጊቷ ጣቷን መቅኔው ውስጥ ነከረች። ወደ አፏ ልትወስደው ስትል የነብሮ ልጅ አፉን ከፍቶ ሲያያት አየች። የመጀመሪያውን ለእሱ አጎረሰችው። ሁለተኛውን እሷ ላሰች። ሌሎቹ ዓይናቸውን መሬት ላይ ተክለው ቆመው ነበር፤ እሰይ፣ ይቁሙ።

ተረቴን መልሱ፣ አፌን በቅልጥም አብሱ።