ጥርስ የሌላት የጡት ልጅ

ጠጋ በሉ ልጆቼ። አንተም እግርህን ሰብስብ፣ እህትህ ትቀመጥ። ይሄ ነገር የሆነው ዱሮ ነው፤ ቅሉም ውሻውም ጅቡም እንደ ሰው ይናገሩ በነበረበት ዘመን።

ከወንዝ ማዶ እማማ ዘርፌ የሚባሉ ባልቴት ነበሩ። ሰው ያባረረውን እንስሳ ሁሉ እየሰበሰቡ አጥራቸው ውስጥ ያስጠልሉ ነበር። አንካሳ አህያ አለ፣ ዓይኗ የጠፋ ድመት አለች፣ እናቷ የሞተችባት ጥጃ አለች። ታዲያ ከእሳቸው ዘንድ እንስሳ ወስዶ ማሳደግ የሚፈልግ ሰው ዝም ብሎ ጎትቶ አይሄድም። ሥርዓት አለው። አውራ ጣቱን ማር ውስጥ ነክሮ እንስሳውን ያጠባዋል። ያን ማር የጠባ የጡት ልጅ ይሆናል። የጡት ልጅ ደግሞ አይባረርም፣ አይሸጥም፣ የነካውም ሰው ሆነ አውሬ ደም ይቃባል። እንደ ወለዱት ልጅ ማለት ነው።

በዚያ ዓመት የእማማ ዘርፌ ጉልበት ከዳቸው። «ክረምት ሳይገባ ወንድሜ ዘንድ እሄዳለሁ። ከዚያ ወዲያ የሚጠብቃችሁ የለም» አሉ። ሰው እየመጣ አህያውን ወሰደ፣ ድመቷን ወሰደ፣ ጥጃዋን ወሰደ። የቀረችው አንዲት አሮጊት ውሻ ናት። ስሟ አይደፈሬ። ስሙ የወጣላት በጉብዝናዋ ጊዜ ነው፤ አሁንማ አፏ ውስጥ አንድ ጥርስ የለም። ጌታዋም በድንጋይ ያባረራት ለዚሁ ነው፣ እጁ ይቆረጥና! ይቅር ይበለኝ።

ከአጥሩ ውጭ አያ ጅቦ ተጋድሞ ይጠብቃል።

«አይደፈሬ! ሰው አልመጣልሽም?»

«ይመጣል፣ አያ ጅቦ።»

«ባይመጣም አታስቢ፣ እኔ አለሁልሽ። አጥንት ብቻ ነሽ ብዬ አልንቅሽም» ይላታል።

አንድ ቀን ደስታው የሚባል በግ አርቢ መጣ።

«ተኩላ ታባርሪያለሽ?» አላት።

«እንዴታ ጌታዬ!» አለች፣ ከንፈሯን ገጠም አድርጋ። እንዳያይባት እኮ ነው። ደስታው ጣቱን ማር ነክሮ አፏ ውስጥ ሲያስገባ ድድ ብቻ ሆነበት። ገና ሳትጠባው መንጭቆ አወጣ።

«ኧረ ይቺ ባዶ ናት!» ብሎ ጣቱን በሣር ጠራርጎ ሄደ።

ማሩ ያለባት ቅል ይህን አየች።

«አይደፈሬ፣ ለምን እውነቱን አልነገርሽውም?»

«ብነግረው ይወስደኝ ነበር?»



ደግሞ ሌላ ቀን ወይዘሮ ይመኙሻል መጣች። ዝንጀሮ ማሽላዋን ፈጅቶባታል።

«ዝንጀሮ ታስጥዪኛለሽ?»

«አንድም አይቀርብዎትም፣ እመቤቴ!»

ሴትዮዋ የማር ጣቷን ከተት አደረገች። ወዲያው አወጣችው።

«በምን ልትነክሺልኝ ነው? በጉንጭሽ?» ብላ ሳቀች። ጣቷን በቀሚሷ ጠርጋ እሷም ሄደች። አያ ጅቦማ ከአጥሩ ውጭ በሳቅ ተንከባለለ።

ቅሏ ግን አልሳቀችም።

«ስሚኝ፣ እህቴ። ዘንድሮ ንቡም ተሰዷል። እኔ ውስጥ የቀረችው ማር ለአንድ ጣት ብቻ ናት።»

እማማ ዘርፌ ሊሄዱ በቅሎዋ ተጭናለች። ያን ጊዜ ፈንታ የሚባል ሸማኔ መጣ። አይደፈሬ ፊት ቁጭ አለ። ምንም አልጠየቃትም። ይሄ ደግሞ የባሰ አስፈራት። ሰውየው የመጨረሻዋን ማር በጣቱ ጠርጎ ዘረጋላት።

አይደፈሬ አፏን አልከፈተችም።

ማሩ በጣቱ ቁልቁል መውረድ ጀመረ። «ክፈቺ እንጂ! እኔ እንደሆን ባዶ ሆኛለሁ!» አለች ቅሏ።

ሁለት ጊዜ የተዋረደ አፍ እንዴት ይከፈታል? በኋላ ግን ዓይኗን ጨፍና ወለል አድርጋ ከፈተችው።

«ጌታዬ፣ ከመንካትዎ በፊት ይዩት። አንድም የለም። ሌባ አልይዝም፣ ዝንጀሮ አላባርርም። ድምፄም ደክሟል።»

ፈንታ አየና «ማን ጠየቀሽ?» አላት፣ ቀስ ብሎ። «ሚስቴ ካለፈች ወዲህ የሽመና ጉድጓዴ ውስጥ ስውል፣ ቀና ባልኩ ቁጥር የማየው ግድግዳ ነው። ነፍስ ያለው ነገር ማየት አምሮኝ ነው የመጣሁት።»

ጣቱን አጎረሳት። ጠባች። ማሩ አልቆም ጠባች። እማማ ዘርፌ ፊታቸውን ወደ በቅሎዋ አዞሩ።

መንገዱ ረጅም ነው፣ የአይደፈሬ እግር ደግሞ ደካማ ነው። ወንዙ ጋ ሲደርሱ አያ ጅቦ መንገዱ ላይ ቆሟል።

«ሸማኔው፣ ትተሃት እለፍ። ጥርስ የላት፣ ዕድሜ የላት። ለምን ትደክማለህ?»

ፈንታ በእጁ በትር እንኳ አልያዘም። ወደ ኋላ ግን አላለም።

«ልጄ ናት» አለ።

«የማን?»

«የእኔ። ጠብታኛለች።»

አያ ጅቦ ቀርቦ አፏን አሸተተ። ማር ማር ይላል። ሕጉን ያውቃል፤ የሰው ልጅ ነክቶ አገር ሁሉ ጦር ይዞ እንዲነሳበት አይፈልግም። ጆሮውን ጥሎ ከመንገዱ ወረደ።

አልዋሻችሁም ልጆቼ፣ ብዙ አልኖረችም። ሁለት ክረምት ነው የኖረችው። ግን ሁለቱንም ክረምት ከጉድጓዱ አፍ ላይ ተኝታ፣ ሸማኔው ቀና ሲል እሷም ቀና እያለች ነው።

እንግዲህ እወቁ። ልጅ አድርጎ የሚወስድ ሰው «ምን ትሠሪልኛለሽ?» አይልም። እንዲያ ካለ የሚፈልገው ሎሌ ነው።

እኔ ጨረስኩ። ተረቱን እናንተ አሳድጉት።