ቁርጥራጭ ክርና የወይዘሮ ደብሪቱ ጥልፍ

ልጆች፣ ጆሮ ያላችሁ ቀረብ በሉ፤ የሌላችሁ ከጎረቤት ተበደሩ።

ድሮ፣ ነፋሱ በር ሳያንኳኳ በሚገባበት ደጋ አገር፣ እታፈራሁ የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት ነበረች። በግ የላት፣ ጥጥ የላት። ያለቻት ከቀንድ የተቀረጸች አንዲት ኪሮሽ ብቻ ናት። ታዲያ ምን ታደርጋለች? ሸማኔው ቆርጦ የጣለውን ትለቅማለች። ልብስ ሰፊው ጠርጎ ያወጣውን ትለቅማለች። ያረጀ ጋቢ ሲተረተር ከሰማች ሄዳ ጫፉን ትለምናለች። ሁሉን ትቀጣጥልና በኪሮሿ እየሳበች፣ እየቆለፈች ብርድ ልብስ ታደርገዋለች። ቀዩ ከአረንጓዴው፣ ቢጫው ከጥቁሩ ተጋጥሞ ሲታይ ሰው ሁሉ መጀመሪያ ይስቃል። ሲለብሰው ግን ዝም ይላል፤ እንቅልፍ ይወስደዋላ።

በዚያ ዓመት የእታፈራሁ ልጅ ነፍሰ ጡር ነበረች። ክረምቱም እየተቃረበ መጣ። እታፈራሁ ለሚወለደው ሕፃን ብርድ ልብስ ጀምራ፣ ስትሠራ ስትሠራ ግማሽ አደረሰችው።

የአገሩ ገዥ ቀኛዝማች አስረስ ደግሞ ወይዘሮ ደብሪቱ የሚባሉ ሚስት ነበሯቸው። ወይዘሮ ደብሪቱ ሰው የእታፈራሁን እጅ ሲያመሰግን ሰሙና ቅናት ያዛቸው። እሷ በቁርጥራጭ ከተመሰገነች እኔ በሙሉ ልቃቂት ምን ልባል ነው ብለው መርፌና ጨርቅ አስመጡ። ክሩን በመስቀል በመስቀል እያጣመሩ የሚጠልፉትን ጥልፍ ሊሞክሩ ተቀመጡ። መዳፍ በምታህል ጨርቅ ላይ ሲወጉ ሰነበቱ፤ አንዴ ጨርቁን፣ አንዴ ጣታቸውን። ሲጨርሱ ጥልፉ አራት እግር አለው፤ ሁለት ጆሮ አለው፤ ከዚያ ወዲያ ምን እንደሆነ ጥልፉ ራሱም አያውቅም።

ሥራው ጣማቸው። ክራቸው ግን አለቀ። ስለዚህ አዋጅ አስነገሩ። ጥልፋቸው የምን ምስል እንደሆነ ያወቀ ሰንጋ ይሸለማል፤ ያላወቀ በቤቱ ያለውን ክር ሁሉ ያስረክባል፤ የተጠራ አይቀርም ተባለ።

መጀመሪያ ልብስ ሰፊው ጓንጉል ተጠራ። ጓንጉል እግዜርን የሚፈራ ሰው ነው። ጨርቁን አየ፣ አየና፣

"አህያ ነው፣ እመቤቴ" አለ።

"አንበሳ ነው" አሉ ወይዘሮ ደብሪቱ። ክሩን አስረከበ።

ቀጥሎ ሸማኔው ዳምጤ ተጠራ። ወይዘሮ ደብሪቱ ሌላ ጨርቅ ጠልፈው ጠበቁት፤ እንደ ፊተኛው አራት እግርና ሁለት ጆሮ ያለው፣ የአንድ እናት ልጅ የሚመስል። ዳምጤ የጓንጉልን ነገር ሰምቷልና ቶሎ ብሎ አንበሳ ነው አለ።

"አውራ ዶሮ ነው" አሉ።

ዳምጤ ቀስ ብሎ ስለ እግሮቹ ብዛት ቢጠይቅ፣ ሁለቱ የጥላው ናቸው ተባለ። ክሩን አስረከበ።

ሦስተኛው መሪጌታ እንባቆም ነበሩ። እሳቸው በምላስ መሸንገል ያውቃሉ። እንስሳ የጠራ ሁሉ ተቀጣ፤ እኔስ ጌታውን እጠራለሁ ብለው መጡ። አዲሱን ጨርቅ ሲያዩ እጅ ነሡና፣ ይህ የቀኛዝማች ግርማ ካልሆነ የማን ይሆናል አሉ።

"አህያ ነው" አሉ ወይዘሮ ደብሪቱ።

ከጎን የተቀመጡት ቀኛዝማች አስረስ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። የመሪጌታ ሚስት ፈትላ ያስቀመጠችው ክር ሁሉ ሄደ።

ከዚያ በኋላ በአገሩ ክር ጠፋ። ሸማኔው እጁን አጣጥፎ ዋለ። ቁልፍ የወለቀበት ሰው ልብሱን በእጁ ጨብጦ ይሄድ ጀመር። እታፈራሁም የምትለቅመው አጣች፤ ብርድ ልብሱ በግማሹ ቆመ። ይባስ ብሎ አንድ ቀን እሷው ተጠራች። የጀመረችውን ይዛ እንድትመጣ ተነገራት፤ እሱም ክር ነውና።

ልጇ አልቅሳ ደብቂው ብትላት አልሰማቻትም። ሲያሳስባት የነበረው ሌላ ነገር ነው። ሰዎቹ የተሸነፉት ዓይናቸው ደክሞ አይደለም። ሴትዮዋ መልሱን የሚያወጡት ሰው ከተናገረ በኋላ ነው። እንግዲያ መልሱ ቀድሞ ይውጣ አለች በልቧ፤ ብርድ ልብሱንም ብብቷ ውስጥ አድርጋ ሄደች።

ግቢው በሰው ሞልቷል። ወይዘሮ ደብሪቱ አዲስ ጨርቅ ዘረጉ። ያው አራት እግር፣ ያው ጆሮ፤ አሁን ደግሞ ጅራት ተጨምሮበታል። እታፈራሁ ጎንበስ ብላ እጅ ነሣችና፣

"እመቤቴ፣ ከተሳሳትኩ ይህን ከነኪሮሼ ይውሰዱ። ካወቅሁ ግን ሰንጋው ይቅርብኝ፤ የሰዉ ክር ይመለስ። አንድ ነገር ብቻ ልለምን። እኔ አፌን ሳልከፍት መልሱን ለቀኛዝማች በጆሯቸው ይንገሩልኝ" አለች።

ቀኛዝማች ደስ አላቸው። ምስክር መሆን ይወዱ ነበርና ተገቢ ነው ብለው ፈረዱ።

ወይዘሮ ደብሪቱ ጨነቃቸው። ምን ይበሉ? አህያ እንዳይሉ ታውቋል፤ አንበሳ እንዳይሉ ታውቋል። ከመሪጌታ ወዲህ ግን ጌታውን ለመጥራት የሚደፍር የለም። ስለዚህ ጠጋ ብለው በባላቸው ጆሮ አንሾካሾኩ።

የቀኛዝማች ፊት ተለወጠ። ጨርቁን አዩ። ሚስታቸውን አዩ። እንደገና ጨርቁን አዩ። ከዚያ እጃቸውን ሰደው ጆሯቸውን ዳሰሱ።

"ደብሪቱ፣ ጆሮዬ ይህን ያህላል? ይህስ ጅራት የማን ነው?"

እታፈራሁ ድምጿን ሳታነሣ፣

"ጌታዬ፣ እርስዎ ነዎት" አለች።

ሰው ሁሉ መሬት መሬት አየ። ጓንጉል የጋቢውን ጫፍ ነከሰ። መሪጌታ እንባቆም ሳል ያዛቸው፤ ቶሎም አልለቀቃቸው።

ወይዘሮ ደብሪቱ አይደለም እንዳይሉ ለባላቸው ዋሹ ሊባሉ ነው፤ ነው እንዳይሉ ጅራቱ አለ። ቀኛዝማችም የሰዉ ክር ዛሬውኑ ይመለስ ብለው አዘዙ። የተሰበሰበበት ጎተራ ሲከፈት ግን ያ ሁሉ ክር እርስ በርሱ ተተብትቦ አንድ ክምር ሆኗል። ማንም የራሱን መለየት አልቻለም። ቀኛዝማች አንድ እጃቸውን አሁንም ከጆሯቸው ሳያወርዱ፣

"የተበተበ ይፍታ" ብለው ፈረዱ።

ወይዘሮ ደብሪቱ ክረምቱን ሙሉ በረንዳ ላይ ተቀምጠው ጫፍ ሲፈልጉ ከረሙ። አላፊ አግዳሚው በአክብሮት እግዜር ያበርታዎ ይላቸዋል። አልፈታ ያለው እየተቆረጠ ወጣ፤ የክሩ ባለቤቶችም ተማክረው ያንን ቁርጥራጭ ለእታፈራሁ ሰጧት፤ እሷም የጀመረችውን ብርድ ልብስ ጨረሰችበት። ልጇ ክረምቱ ሳይወጣ ሴት ልጅ ወለደች፤ ሕፃኗም በሚያስቅ ብርድ ልብስ ተጠቅልላ ተኛች።

ያችን ባለ ጅራት ጥልፍ ቀኛዝማች ራሳቸው ወሰዷት። የት እንዳደረሷት አይታወቅም፤ በመስተዋት ፊት ይዘዋት ሲቆሙ አየሁ የሚል አሽከር ግን አልጠፋም።

ወደው የሰጡት ቁራጭ ከብርድ ያስጥላል፤ ነጥቀው ያመጡት ልቃቂት ጣት ያስራል። አበው "የሰው ወርቅ አያደምቅ" የሚሉት ለዚህ ነው። የኔ ክር እዚህ ላይ ተቋጠረ።