እጀታ ያለው ድልድይ

አንድ ወንዝ ለሁለት የከፈለው መንደር ነበር። ቤቶቹ ከወንዙ ወዲህ፣ ጤና ጣቢያውና የመኪናው መንገድ ከወንዙ ወዲያ ናቸው። መሻገሪያው ጎን ለጎን የተጋደሙ ሁለት ግንዶች ብቻ ነበሩ። በበጋ እግሩን ያመነ ይሻገርባቸዋል። ክረምት ሲገባ ግን ግንዶቹ ያዳልጣሉ፤ ምጥ የያዛት ሴት በቃሬዛ ዳር ድረስ ትመጣና ውሃው እስኪጎድል ትጠብቃለች። ጠብቃ ሳትሻገር የቀረች አለች። የእድሩ ዳኛ አቶ ደባልቄ ሚስታቸውን ያጡት እንደዚያ ነው። አሁን ደግሞ የልጃቸው ሚስት የውብዳር ነፍሰ ጡር ናት፤ የምትወልደውም በነሐሴ ነው።

አንድ ኤምባሲ ለትናንሽ የመንደር ሥራዎች ድጋፍ ይሰጣል የሚል ወሬ ሲሰሙ የእድሩ ሰዎች ተሰብስበው የድልድይ ማመልከቻ ጻፉ። ስለ ወንዙ ያልተናገሩት ነገር አልነበረም። "ኅብረተሰቡ ከራሱ ምን ያዋጣል?" የሚለው ጥያቄ ላይ ሲደርሱ ግን እርስ በርስ ተያዩ።

"ያለን ነገር ከታወቀ ማን ይረዳናል?" አለ አንዱ።

"እውነትም ምን አለንና!" አለ ሌላው። "ምንም የለንም፤ ድሆች ነን" ተብሎ ተጻፈ።

ከኤምባሲው መልስ መጣ። ሠራተኛችን መጥታ ቦታውን ታያለች፣ ከዚያ ይወሰናል የሚል ነበር። ይኼኔ መንደሩ ችግሩን ረስቶ ስለ እንግዳዋ ይጨነቅ ጀመር። መኪናዋ የሚቆመው ወዲያ ነው፤ ወደ መንደሩ ለመግባት መሻገር አለባት። አቶ ደባልቄ "እንግዳችን ውሃ ውስጥ ብትወድቅ የት እንገባለን?" አሉ። የሚነጠፍ ሳንቃ ደግሞ የለም። ብድግ ብለው ሄዱና የቤታቸውን በር ነቅለው አመጡ። ይህን ያየ ሁሉ የራሱን ነቀለ። ሳይመሽ የመንደሩ በር በሙሉ ግንዶቹ ላይ ተጋድሞ፣ በገመድ ታስሮ፣ ግራና ቀኝ መደገፊያ ተበጅቶለት፣ ቄጠማ ተጎዘጎዘበት። ያን ሌሊት ሰዉ ደጁን በእሾህ ዘግቶ ጅብ ሲያዳምጥ አደረ። እንግዳ አክባሪነት ይሉታል ይህን።

በማግሥቱ እንግዳዋ ጫማዋ ሳይረጥብ ተሻግራ መጣች። "ጥሩ ድልድይ ነው" አለች። አቶ ደባልቄ ደስ አላቸው። የሆነው ነገር የገባቸው ትንሽ ቆይቶ ነው።

"ማመልከቻችሁ ላይ መሻገሪያ የለንም ብላችኋል። ይሄ ታዲያ ምንድን ነው?" አለች እንግዳዋ።

ነገሩ ካልገባት የማትተው ዓይነት ሰው ነበረች። ተመለሰችና ጎንበስ ብላ ቄጠማውን ገለጥ ገለጥ አደረገች። ከዚያ ቀና አለች። "ይቅርታ አባቴ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ድልድያችሁ እጀታ ያለው ለምንድን ነው?"

"እ... የእኛ አገር አናጢ እንዲያ አድርጎ ነው የሚሠራው" አሉ አቶ ደባልቄ።

የውብዳር አላስቻላትም። "አባባ፣ ይቅር ይበሉኝ። እሱ የእኛ ቤት በር ነው። ያኛው የጎረቤታችን ነው። ዛሬ ማታ ወደየቤቱ ይመለሳል። በነሐሴ እኔን ሲያሻግሩኝ በር የሚያነጥፍልኝ የለም።"

አቶ ደባልቄ ሊቆጧት አፋቸውን ከፈቱ። ዓይናቸው ሆዷ ላይ አረፈና ሚስታቸው ትዝ አለቻቸው። አፋቸውን መልሰው ዘጉ።

"እውነቷን ነው" አሉ። "አንሱት።"

በሮቹ ተነሡ። ሁለቱ ግንዶች ብቻ ቀሩ። እንግዳዋ ጫማዋን አውልቃ ልትሞክራቸው ወጣች፤ መሃል ሳትደርስ በእንብርክኳ ተመለሰች። ከዚያ ዳር ላይ ቁጭ ብላ ትጠይቃቸው ጀመር።

"በር ንቀሉ ብሎ ያዘዛችሁ አለ?"

"ማንም።"

"አልሰጥም ያለስ?"

"አንድም ሰው የለም።"

"ታዲያ 'ምንም የለንም' ብላችሁ ለምን ጻፋችሁ? እኔን ግራ የገባኝ እሱ ነው። ያላችሁን ወረቀቱ ላይ ደበቃችሁ፤ የሌላችሁን ደግሞ ወንዙ ላይ ደበቃችሁ። እኔ የቱን ልመን?"

ማመልከቻው እንደገና ተጻፈ። ድንጋይ እናቀርባለን፣ አሸዋ እናወጣለን፣ ቁፋሮው በእኛ ጉልበት ነው፣ አናጢዎችም አሉን አሉ። የጎደላቸው ብረት፣ ሲሚንቶና መሐንዲስ መሆኑንም ጻፉ። ድጋፉ ተፈቀደ። ድልድዩም ክረምቱ ሳይከብድ ቆመ።

በነሐሴ ወንዙ ሞልቶ ሲያጓራ የውብዳር በቃሬዛ ከላዩ አለፈች። አቶ ደባልቄ ከኋላ ተከተሉ። መሃል ላይ ሲደርሱ ቆመው ውሃውን አዩትና እንደ ልጅ አለቀሱ። የልጅ ልጃቸው ጤና ጣቢያ ተወለደች። ሲመለሱ አቶ ደባልቄ የቤታቸውን በር እጀታ ነቅለው ድልድዩ መደገፊያ ላይ በምስማር መቱት። ያ ቤት እስከ ዛሬ በገመድ ነው የሚዘጋው ይባላል። አላፊ አግዳሚው ሁሉ "ድልድይ እጀታ ምን ያደርግለታል?" ብሎ ይጠይቃል፤ የመንደሩ ሰዎችም ቁጭ አድርገው ይነግሩታል።

ብዙዎቻችን እርዳታ ስንፈልግ ጉድለታችንን ለማሳየት እናፍራለን፤ ያለንን ለመናገር ደግሞ እንፈራለን። ሊያግዘን የመጣ ሰው ሁለቱንም ካላየ የት ጋ ይዞ እንደሚያነሣን አያውቅም። እርስዎስ፣ እንግዳ መጣ ብለው በርዎን ነቅለው የሸፈኑት ወንዝ የትኛው ነው? በነሐሴ የሚሻገርበትስ ማን ነው?