የዝግባ ሜዳ ጥላ

ዝግባ ሜዳ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚመጣ እንግዳ ሁሉ አንድ ጥያቄ ይጠይቃል፤ «ዝግባው የታለ?» የመንደሩ ሰው ከማርያም ቤተ ክርስቲያን በስተጀርባ ከሜዳው መሐል ያለውን ጎድጓዳ ስፍራ በከዘራው ያመለክታል። አገር የሚያውቀውን አንድ ምሳሌ ሲተርቱም ዓይናቸው ወደዚያው ጎድጓዳ ይሄዳል። ምሳሌው በሌላም ቦታ ይነገራል፤ ሌላም መነሻ ይኖረው ይሆናል። የእኛ መንደር ሰዎች ግን «ከእኛው ደጅ የወጣ ነው» ብለው ይምላሉ፤ እኔም አዛውንቶቹ እንደነገሩኝ እጽፈዋለሁ።

ዝግባው ከሜዳው መሐል ብቻውን የቆመ ነበር። ማን እንደተከለው የሚያውቅ የለም። ሙሽራ ከመንደር ስትወጣ ዞራው ትሄዳለች፤ ሬሳም ወደ መቃብር ሲሄድ ከሥሩ ያርፋል። «አድባራችን» ይሉታል። ከዚህ ሁሉ በላይ ግን ዝግባው የመንደሩ ችሎት ነበር።

ከዛፉ በስተምዕራብና በስተምሥራቅ ሁለት ጠፍጣፋ ድንጋዮች ነበሩ፤ አንዱ የከሳሽ፣ አንዱ የተከሳሽ። ጠዋት ጥላው በምዕራቡ ድንጋይ ላይ ይወድቃል፤ ከሳሽ የሚናገረው ያን ጊዜ ነው። ተከሳሽ ፀሐይ ላይ ተቀምጦ ያዳምጣል። ከቀትር በኋላ ጥላው ወደ ምሥራቁ ድንጋይ ይሻገርና ተራው ይለወጣል። ሕጉ አጭር ነበር፤ በጥላ ያለ ይናገራል፣ በፀሐይ ያለ ይሰማል። ሽማግሌዎቹ ከግንዱ ሥር ሆነው ሁለቱንም ይሰሙና፣ ፍርድ የሚሰጡት ቀኑ በርዶ ጥላው ሜዳውን ሲያለብሰው ነው። እስከዚያ ሰዓት ንዴትም ይደክመዋል። ብዙ ሰው ፍርድ ሳይጠብቅ ታርቆ ወደ ቤቱ ይገባ ነበር ይባላል።

ሰዎቹ ዛፉን ሲሰጡ ክፋት አላሰቡም። የማርያም የሣር ክዳን አርጅቶ ነበር። ክረምት ሲገባ ካህናቱ ከቤት ውስጥ ጃንጥላ ዘርግተው ይቀድሳሉ። በዚያው ዘመን ማዶ ያለው መንደር ደብሩን በቆርቆሮ አለበሰ፤ ጠዋት ፀሐይ ሲያርፍበት ብልጭታው እኛ ዘንድ ይደርሳል። የእኛ ሰዎች ገበያ ላይም መቀለጃ ሆኑ። «እናንተ ገለባ ለባሾች፣ ማርያምን አበረዳችኋት እኮ!» ይሏቸዋል።

ያን ጊዜ ማንደፍሮ አንድ የጣውላ ነጋዴ ከከተማ ይዞ መጣ። ማንደፍሮ ጨው ሲነግድ አገር ያየ፣ ምላሱ የሰላ ሰው ነበር። ነጋዴው ዝግባውን በክንዱ ለካና ውሉን በአንድ ትንፋሽ ተናገረ፤ ዛፉን ስጡኝ፣ ቤተ ክርስቲያኑን እስከ ምስማሩ ድረስ በቆርቆሮ ከድኜ አስረክባችኋለሁ።

መንደሩ ለመምከር የተሰበሰበው እዚያው ዝግባው ሥር ነው። ከሽማግሌዎቹ ሁሉ ታላቅ የሆኑት አያ ደምለው ጠየቁ፤ «ጥላውንስ በምን እንተካዋለን?»

«አያ፣ ጥላ ደግሞ ምን ቁም ነገር ሆኖ!» አለ ማንደፍሮ። «ደመና ሲመጣ ጥላ አይደለም እንዴ?»

ሰዉ ሳቀ።

«ደመና ቀጠሮ አያከብርም፣ ልጄ» አሉ አያ ደምለው።

መምሬ ሞላልኝን ጠየቋቸው። ቄሱ መቋሚያቸውን አገጫቸው ሥር አድርገው፣ «ዛፉም የእግዜር፣ ቤቱም የእግዜር፤ እኔ በሁለቱ መሐል አልገባም» አሉ።

ምክሩን የቆረጠችው የሻረግ ናት። አባቷን ለዓመታት አስታማ በዚያው ክረምት የቀበረች፣ በመንደሩ የተከበረች ሴት ነበረች። ተነሥታ፣ «ለአባቴ ፍትሐት ሲደረግ ዝናቡ በሬሳው ላይ ሲንጠባጠብ ቆሜ አይቻለሁ» አለች። «እንጨት ይበቅላል። የእመቤታችን ቤት ይከደን!» ሴቶቹ እልል አሉ።

ዛፉ የወደቀ ዕለት ሁሉም ድምፁን ጠብቆት ነበር። ብርሃኑን ግን ማንም አልጠበቀውም። ሜዳው ድንገት ገላጣ ሆነ፤ ሰዎች እጃቸውን ግንባራቸው ላይ አድርገው እርስ በርስ ተያዩ። ነጋዴው ቃሉን አላጠፈም፤ ቆርቆሮው መጣ፣ ተመታ፣ አብለጨለጨ። ክረምት ሲገባ ጠብታው ቆመ። ዳሩ ግን ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ቅዳሴው አይሰማም፤ ሕዝቡ የቄሱን ከንፈር እያየ ይሰግድ ጀመር።

ችሎቱ እንዳለ ይቀጥላል ብለው ነበር። ሁለቱ ድንጋዮች ከቦታቸው አልተነሡም። ሽማግሌዎቹ መጥተው ተቀመጡ፤ ፀሐዩ ግን ራስ የሚበሳ ሆነ። ከሳሹ ሲናገር የማን ተራ እንደሆነ የሚነግር ጥላ ስለሌለ ተከሳሹ ያቋርጠዋል። አንዱ ሽማግሌ አመመኝ ብለው ቀሩ፤ ሌላው ተከተሉ። በሰው ቤት እንሰብሰብ ተባለ፤ የአንዱ ቤት ለሌላው የባላጋራ ዘመድ ቤት ሆነ። ጉዳዩ ሁሉ ተንጠልጥሎ ቀረ።

ከመንገዱ ዳር አንድ እምቧጮ ነበረ፤ ፍየል የሚቀጥፈው፣ ልጆች ልጠው የሚያኝኩት ተራ ቁጥቋጦ። ጥላው የሚበቃው ለአንድ ሰው ብቻ ነው፤ ያውም አጎንብሶ ለተቀመጠ። ማንደፍሮ ከሥሩ ድንጋይ አስቀምጦ መንገደኛ ያጫውትበት ጀመር። አንድ ቀን ሁለት ሰዎች በበግ ተጣልተው ሲያልፉ ጠርቶ ዳኛቸው። አሳምሮ ዳኛቸው፤ ይህን መካድ አይገባም። ጤፍ ተወቅቶ እስኪያልቅ እንኳ ሳይቆይ ሰው ተፈርዶለት ወደ ሥራው ይመለስ ጀመር። «ኧረ ይሻላል! ዱሮ እኮ ቀኑን ሙሉ እንደ እባብ ድንጋይ ላይ ስንሰጣ ነበር» አሉ ባለጉዳዮቹ። ብዙም ሳይቆይ ለእምቧጮው አጥር ተደረገለት፤ ፍየልም እንዳይነካው ተከለከለ።

በሁለተኛው ዓመት የየሻረግ ወንድም ጫኔ ከውትድርና ተመለሰ። ከአባቱ ርስት ከምንጩ በታች ያለውን ማሳ፣ የሻረግ የምታርሰውንና ልጆቿን የምታበላበትን፣ የኔ ነው አለ። ጫኔ ክፉ ሰው አልነበረም። አባቱ ሲሞቱ አልነበረም፤ ማሳው የበኩር ድርሻ ነው ተብሎ ያደገ ሰው ነው።

እምቧጮው ዘንድ በጠዋት ተገናኙ። የሻረግ አንድ ምስክር ብቻ ነበራት፤ እሳቸውም አያ ደምለው ናቸው። አባቷ ኑዛዜ ሲናዘዙ ከራስጌያቸው የነበሩት እሳቸው ነበሩ። አሁን ግን ጉልበታቸው ደክሞ በከዘራ ቀስ እያሉ ነው የሚመጡት።

ጫኔ የወታደር ድምፅ ነበረው፤ ጉዳዩን እንደ ትእዛዝ በአጭሩ ጨረሰ። የሻረግ ከአባቷ ሕመም ጀመረች። ማንደፍሮ እጁን አነሣ።

«እትዬ፣ አሳጥሪው እባክሽ። ፀሐዩ ሊቀቅለን ነው።»

«እኔን ነው እንጂ የሚቀቅለኝ፤ አንተማ ጥላ ውስጥ ነህ።»

ከቆመው ሰው ሳቅ ተሰማ። ማንደፍሮ ፊቱ ጠቆረ።

«ምስክር አለሽ?»

«አያ ደምለው እየመጡ ነው። መንገድ ላይ ናቸው።»

«መንገድ ላይ ያለ ምስክር ምስክር አይደለም» አለ ማንደፍሮ። «ይህ ሁሉ ሰው ሥራ ፈትቶ ቆሟል። ማሳው የበኩሩ ነው። አሜን በሉ!»

ሰዉ ሙቀቱ ሰልችቶታል። «አሜን» አለ። በእኛ አገር አሜን የተባለ ፍርድ አይነሣም።

አያ ደምለው የደረሱት ቀትር ሳይሆን ነው። ሰዉ ነጠላውን እያራገፈ ሲበተን አገኙት።

«ዘገዩ፣ አያ» አለ ማንደፍሮ። «አልቋል።»

«አልቋል?» ሽማግሌው ቀና ብለው ፀሐይዋን አዩ። «ዱሮ እኮ በዚህ ሰዓት ከሳሽ ንግግሩን አልጨረሰም ነበር።» ከዚያ ወደ ጫኔ ዞሩ። «ልጄ፣ አባትህ እጄን ይዞ ነው የነገረኝ። ‹ላይኛውን መሬትና በቅሎዬን ለጫኔ፤ የምንጩን ማሳ ላስታመመችኝ ለየሻረግ› አለ። ሸጠህ በሬ የገዛህባት በቅሎ ያቺው ናት። እህትህ ሳታጓድል ጠብቃ አስረከበችህ።»

ጫኔ ደንግጦ ቆመ። «ይህን ለምን አስቀድሞ የነገረኝ የለም?» አለ እህቱን።

«ልነግርህ ስጀምር አይደል አሳጥሪው የተባልኩት?» አለች።

ጫኔ ወደ ማንደፍሮ ተመለከተ። ማንደፍሮ ወደ ሰዉ ተመለከተ። ሰዉ አሜን ብሏልና መሬት መሬቱን አየ። ጫኔ አፉን ከፈተ፤ ነገር ግን በሰው ፊት የተፈረደለትን መመለስ ዳኛውንም መንደሩንም መዝለፍ መሰለው። ጋቢውን ትከሻው ላይ ጥሎ ሄደ። በዚያ ክረምት ማሳውን እሱ አረሰው፤ የሻረግም ልጆቿን ይዛ ወደ ባሏ አገር ተሻገረች።

የዚያን ዕለት ግን የሻረግ ገና እዚያው ቆማ ነበር። «አያ፣ የማዝነው በወንድሜ አይደለም» አለች። «ይቆረጥ ያልኩት እኔው ነኝ። አሁን ግን አንድ ነገር ይንገሩኝ፤ የአባቶቻችንን ሕግ የምናውቅ ሰዎች፣ እንዴት ብለን ነው በዚህ ሰው ፊት ለፍርድ የቆምነው?»

አያ ደምለው አልተቆጧትም። በፍየል እንዳይበላ የታጠረውን ቁጥቋጦ አዩ፤ ቀጥለው ሁለቱን ባዶ ድንጋዮች ፀሐይ የሚመታበትን ገላጣውን ሜዳ አዩ፤ ከዚያም በከዘራቸው ተደግፈው ቀስ ብለው፣ «ምን ታደርጊዋለሽ፣ ልጄ፤ ዛፍ በሌለበት እምቧጮ አድባር ይሆናል» አሏት።