ሁልጊዜ አራት

አንድ ቀን ጋሽ ወልደየስን ሥራ በማስተጓጎል ከሰሷቸው። ጋሽ ወልደየስ ደብረ ብርሃን አንድ ሆቴል ውስጥ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ቦይለር ያንቀሳቀሱ ሰው ናቸው፤ ውሃውን በእንፋሎት እያሞቁ ለሻወሩም፣ ለኩሽናውም፣ ለልብስ ማጠቢያውም የሚልኩት እሳቸው ናቸው። በዚያ ብርድ እንግዳው ሁሉ በሙቅ ውሃ ታጥቦ ሲወጣ የሚያመሰግነው እንግዳ ተቀባይዋን ነው። ቦይለር ክፍል የሚባል ነገር መኖሩንም የሚያውቅ የለም። ሥራ አስኪያጁ አቶ ስንሻው እንኳ ሱፌ ይቆሽሻል ብሎ ከበሩ አያልፍም ነበር። እሱን አንቱ ማለት ነበረብኝ፣ ግን አፌ እምቢ አለኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የቦይለሩ የግፊት መለኪያ፣ ጌጅ የሚሉት፣ ተበላሸ። ጠቋሚዋ አራት ቁጥር ላይ ድርቅ ብላ ቀረች። እሳቱ ቢበረታም አራት፣ ቢደክምም አራት። ጋሽ ወልደየስ ያን ዕለት ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ሄዱ።

«አቶ ስንሻው፣ ጌጁ ሞቷል። ውስጥ ያለው እንፋሎት ምን ያህል እንደሆነ ሳላውቅ እሳት ማንደድ አልችልም። ሲበዛበት የሚያስተነፍሰው ቫልቭም አርጅቷል፣ አላምነውም። ከግድግዳው ወዲያ ደግሞ ዘጠኝ ልብስ አጣቢዎች አሉ።»

«ጌጁ ስንት ነው የሚያሳየው?»

«አራት።»

«ስንት ነው ማሳየት ያለበት?»

«አራት።»

«ታዲያ ምን ፈለጉ?» አለ አቶ ስንሻው።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ሰውዬው ጌጁን ወዶታል። ድሮ መዝገቡ ላይ አንዴ ሦስት ተኩል፣ አንዴ አራት ተኩል እየተባለ ሲጻፍ ዋናው መሥሪያ ቤት «ግፊቱ ለምን ይዋዥቃል?» እያለ ያስጨንቀው ነበር። ጌጁ ከተበላሸ ወዲህ ግን ሪፖርቱ በማስመሪያ የተሰመረ መሰለ። «የተረጋጋ አሠራር በማስፈንዎ» የሚል የምስክር ወረቀት ተልኮለት፣ በመስታወት አሠርቶ ከወንበሩ በላይ ሰቅሎታል። ለእሱ ጌጁ ይቀየር ማለት ምስክር ወረቀቱ ይውረድ ማለት ነው።

ጋሽ ወልደየስ እየፈሩ በግምት እያነደዱ፣ ሦስት ጊዜ ማመልከቻ ጻፉ። ሦስቴም «ጉዳዩ እየታየ ነው» ተባሉ። የሚያየው ማን እንደሆነ እንጃ። በመጨረሻ አንድ ማክሰኞ ጠዋት እሳቱን አጠፉና ልብስ አጣቢዎቹን «ልጆቼ፣ እዚህ እንዳትቆሙ» ብለው አስወጡ። የዚያን ዕለት ደግሞ ከዋናው መሥሪያ ቤት የመጣ አንድ ትልቅ ሰው ሻወር ቤት ገብቶ ኖሯል፤ ሳሙናው ፊቱ ላይ እንዳለ የደብረ ብርሃን ቀዝቃዛ ውሃ ወረደበት። ጩኸቱ ግቢው ድረስ ተሰማ ይባላል።

በነጋታው ከሰዓት በኋላ የዲሲፕሊን ኮሚቴ ተሰበሰበ። አቶ ስንሻው ክሱን ራሱ አነበበው፤ በሬ ወለደ ወሬ በማናፈስ ሠራተኛ አሸብረዋል፣ ደህና ቦይለር አጥፍተዋል፣ ስለዚህ ይሰናበቱ፣ እሳቱም ዛሬውኑ በሌላ ሰው ይለኮስ የሚል ነው። ጋሽ ወልደየስ ለራሳቸው ብዙም አልደነገጡም። ያስጨነቃቸው ያ ሌላ ሰው ነው፤ ምንም ሳያውቅ ይለኩሰዋል፣ ልጆቹም ተመልሰው ከግድግዳው ሥር ይቆማሉ።

«ቦይለሩ ደህና እንደሆነ በምን አወቁ?» ሲሉ ጠየቁ።

«በጌጁ። ሰባት ወር ሙሉ አንድ ቀን ከአራት ዝንፍ ብሎ አያውቅም። ሰው ይሳሳታል፣ ይዋሻል፣ ያረጃል። መሣሪያ አያዳላም።»

«እንግዲያው ጌጁን ምስክር አድርገው ይቀበሉታል?»

«ከእርስዎ በፊት እሱን ነው የማምነው።»

«ይጻፍልኝ» አሉ ጋሽ ወልደየስ። ቃለ ጉባኤ የምትይዘው ወይዘሮ ትርሲት ጻፈች።

ይህን ጊዜ ጋሽ ወልደየስ እጃቸውን ወደ ኮታቸው ኪስ ሰደው በመሐረብ የተጠቀለለ ነገር አወጡ። ፈታ ፈታ አድርገው ጠረጴዛው ላይ ቁጭ አደረጉት። ጌጁ ነው። ቦይለሩ ሲበርድላቸው ጠዋት ፈተው አውጥተውት ኖሯል።

«ስንት ይላል?»

ወይዘሮ ትርሲት አንገቷን አስግጋ አየችና «አራት» አለች።

«ምስክሩ ተናገረ እንግዲህ» አሉ ጋሽ ወልደየስ ኮታቸውን ቀስ ብለው እያወለቁ። ከዚያም አጥፈው ለሥራ አስኪያጁ አቀበሉት። «ይኸው ይረከቡኝ። ይሄ ኮት ከጠዋት ጀምሮ በአራት ግፊት ሲሠራ ነው የዋለው፣ ምንም አልተዋዠቀም። የሻወሩን ቧንቧ በኪሱ በኩል ያስገቡለትና እንግዳዎን ሙቅ ውሃ ያጥቡ።»

ክሱ ቀረ፣ አዲሱ ጌጅም በሳምንቱ ተገጠመ፤ ልብስ አጣቢዎቹ ግን እስከ ዛሬ ጋሽ ወልደየስ ሲያልፉ «ጋሼ፣ ኮትዎ ዛሬ ስንት ነው?» ይሏቸዋል።