ዘፈኑ መሃል ያለው ክፍት ቦታ

አንድ የዘፋኝ ቤተሰብ ነበር። ወሎ ውስጥ፣ ከአስፋልቱ ገባ ብላ በምትገኝ የገበያ ከተማ ይኖር ነበር። አባትየው ይመር እየዘፈነ ማሲንቆ ይመታል። ታላቁ ልጅ እንድሪስ ጊታር፣ ታናሹ ሙሄ ድራም ይጫወታሉ። መሃለኛዋ መዲና ደግሞ ቤዝ ጊታሯን ይዛ ከኋላ ትቆማለች። የቤዝ ተጫዋች ዕጣ ፈንታው ይሄ ነው፤ ሲጫወት ልብ የሚለው የለም፣ ያቆመ እንደሆነ ግን ጭፈራው ሁሉ ቀጥ ይላል።

ልጆቹ ፈንክ የሚባለውን የባሕር ማዶ ሙዚቃ ከካሴት ሰምተው ወደዱት። ወገብን አላስቀምጥ የሚል ነገር ነው። አባታቸው መጀመሪያ ሳቀባቸው። ሲቆይ ማሲንቆውን አነሳና የሰርግ ዜማ ደረበበት። ከዚያ ወዲያ በአካባቢው እነሱን ሳይጠራ ልጁን የሚድር ሰው ጠፋ።

በዚያ አገር ዘፈን የዘፋኙ ብቻ አይደለም። ይመር ጥቂት ስንኝ ይዘፍንና አፉን ይዘጋል። ቤዙና ድራሙ ብቻ እየዞሩ ይቆያሉ። ይሄኔ ከሰዉ መሃል አንዱ ‹‹ተቀበል!›› ይላል፤ ግጥሙን ይወረውራል፤ ይመርም ተቀብሎ ያዜመዋል። ጎረቤት ጎረቤቱን የሚወጋው፣ የተኳረፈ የሚታረቀው በዚያች ክፍት ቦታ ነው። በዚህ ደግሞ የልጆቹን አክስት ጦይባን የሚስተካከል አልነበረም። አንድ ጊዜ የሙሽራው አባት ‹‹እንዲህ ያለ ጠባብ ድንኳን ውስጥ አልገባም›› ብሎ በር ላይ ሲኩራራ፣ ጦይባ ነጠላዋን ወደ ትከሻዋ መለስ አድርጋ ተነሳች።

‹‹ተቀበል! የኔ አማች ኮርቶ በሩ ጠበበበት፣
ጎንበስ ይበልና ቤቱ ይስፋለት።››

ሰውየው ሳይወድ ሳቀና ጎንበስ ብሎ ገባ።

አንድ ቀን ከትልቁ ከተማ የመጣ የሙዚቃ ነጋዴ ሰርግ ላይ ሰማቸው። እዚያው ድንኳኑ ውስጥ ‹‹አልበም አወጣላችኋለሁ›› አለ። ቤቱ በደስታ ተሞላ። ደስታው ግን አንድ ሳምንት አልቆየም። እንድሪስ እራት ላይ እጁን ታጥቦ ከመቀመጡ የሆዱን አወጣው።

‹‹እውነቱን ልንገራችሁ፤ የሆቴል ባንድ ጠርቶኛል›› አለ። ‹‹ይሄ አልበም ከሄደ አብሬያችሁ ነኝ። ካልሄደ ግን እኔ እሄዳለሁ። ዕድሜዬን ሙሉ ድንኳን ለድንኳን ስዞር አልኖርም።››

አባትየው ጎረሰ። ከዋጠ በኋላ ‹‹አንተ ከሄድክ እኔም ማሲንቆዬን እሰቅላለሁ›› አለ። በቁጣ አልነበረም የተናገረው፤ ለዚህ ነው መዲናን የባሰ ያስደነገጣት።

የመዲና ጆሮ የሚታመን ስለነበር አልበሙን አጣርቶ የመጨረስ ሥራ ለእሷ ተሰጠ። ከዚያች ቀን ጀምሮ እግሯ አንድ ቦታ አልረጋም። ሰኞ ከተማ፣ ሐሙስ አገር ቤት። አውቶቡስ ላይ ጭኗን እየመታች ምት ትቆጥራለች። ምግብ ቀርቦላት ሹሩባዋን ትፈትላለች። አልበሙ የተበላሸ እንደሆነ ወንድሟም ይሄዳል፣ አባቷም ማሲንቆውን ይሰቅላል።

ነጋዴው የመጀመሪያውን ቅጂ እስከ ግማሽ ሰማና አስቆመው።

‹‹እዚህ ጋ ዘፋኙ የት ሄደ?››

‹‹ለሰው ቦታ ትቶ ነው፣ ጋሼ።››

‹‹ለየትኛው ሰው? ስቱዲዮ ውስጥ ማን አለ?›› አላት። ‹‹ስሚኝ ልጄ፣ ክፍት ነገር አይሸጥም። ሙይልኝ። ያንንም የአገራችሁን ቃል ለዘብ አድርጊው፤ ከተሜው አይገባውም።››

ቃሉንም ማሲንቆውንም ለዘብ አደረገችው። አገር ቤት ይዛው ስትመለስ ደግሞ ሽማግሌዎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። ‹‹ማሲንቆው የት ገባ? ይሄማ የሰው አገር ሰርግ ነው›› አሏት። ማሲንቆውን ከፍ አደረገችው። ነጋዴው ተኮሳተረ። ቤዙን ከፍ አደረገች። አባቷ ፊቱን አዞረ። በእሷ ቦታ የነበረ ሁሉ የሚያደርገውን አደረገች፤ ሚዛን አወጣች። አንድ ስንኝ ለአገር ቤት፣ አንድ ስንኝ ለከተማ። እዚህ ጋ የአገር ጭብጨባ፣ እዚያ ጋ ሳክስፎን። ያቺን ክፍት ቦታ ደግሞ ለሁለት ከፈለቻት፤ ግማሿን በአባቷ ግጥም፣ ግማሿን በከተማ ዘፋኝ አዝማች ሞላቻት። አንድም የጎደለ ነገር አልነበረም። ከሁለት ወር በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ‹‹ተመስገን፣ ለሁሉም አዳረስኩ›› ብላ ተነፈሰች።

በዚያው ሰሞን የአጎታቸው ልጅ ተዳረች። ቤተሰቡ ከመጫወቱ በፊት መዲና ካሴቱን በትልቁ ድምፅ ማጉያ ከፈተችው። ከሰዉ ፊት ፍርድ ለመስማት ነበር የፈለገችው። ትከሻዎች ተንቀሳቀሱ። እልልታ ቀለጠ። ዘፈኑ ክፍት ወደነበረችው ቦታ ሲደርስ ጦይባ ነጠላዋን መለስ አድርጋ ተነሳች።

‹‹ተቀ…›› ከማለቷ የድምፅ ማጉያው ቀደማት። የይመር ድምፅ የራሱን ግጥም ይዞ ገባ። ጦይባ ታግሣ ጠበቀች። በሚቀጥለው ዙር አፏን ስትከፍት ሳክስፎኑ መጣ። ሦስተኛውን ሳትሞክር ተቀመጠችና ከአጠገቧ ካለችው ሴት ጋር ስለ ጤፍ ዋጋ ማውራት ጀመረች። ሌላውም ሰው ወደ ወሬው ዞረ። ዘፈኑ ብቻውን ሲጮህ ቆይቶ አለቀ።

መዲና እየተጣደፈች ሄዳ ጦይባ አጠገብ ቁጢጥ አለች።

‹‹አክስቴ፣ አልጣመሽም እንዴ?››

‹‹ጥሞኛል እንጂ። ያንቺ እጅ ያለበት ነገር መቼ ሳይጥም ቀረ?››

‹‹ታዲያ ምነው ተቀመጥሽ?››

ጦይባ ተገርማ አየቻት። ‹‹ሁሉን እናንተው ዘፍናችሁ ጨረሳችሁት፣ ልጄ። እኔ ቆሜ ምን ልሥራ?››

እንድሪስ ከኋላዋ ሆኖ ሰምቷል፤ ‹‹ከሁለት ያጣ ጎመን ሆነልሽ›› አላትና ወጣ። መዲና አዘነች፣ አፈረችም። ሁለት ወር ሙሉ አገር ቤትንና ከተማን ስትመዝን ነበር። አገር ቤትም ሆነ ከተማ የሚባለው ግን ሰው መሆኑን ረስታ፣ ሰዉ የሚገባበትን በር በገዛ እጇ ደፍናዋለች።

በማግሥቱ ጠዋት አባቷን ይዛ በመጀመሪያው አውቶቡስ ወደ ስቱዲዮ ሄደች። ከአልበሙ ዘጠኝ ዘፈኖች የሞላችውን ሁሉ አስወጣች። ሰው ሁለት ስንኝ የሚልባትን ያህል ቦታ ለቤዙና ለድራሙ ብቻ ተወች። ቀጥሎ የአባቷ ተራ መጣ። እሱም ማይክሮፎኑ ፊት ቆሞ ግራ ገባው።

‹‹መዲናዬ፣ ማንን ነው የምቀበለው? ማንም የለ።››

‹‹የማታውቀውን ሰው ተቀበል፣ አባባ።››

‹‹ምን እንዳለ ሳልሰማ?››

‹‹ቃሉን ተወው፤ በማሲንቆው ብቻ ተቀበለው።››

ይመር ዐይኑን ጨፍኖ ጥቂት አሰበ። ከዚያም ክፍቷ ቦታ ባለቀች ቁጥር ያልተባለውን ግጥም በማሲንቆ እየተቀበለ አዜመ። የድምፅ ባለሙያው ‹‹ይሄ ስህተት አይደለም አይደል?›› ብሎ ሁለት ጊዜ ጠየቀ።

ነጋዴው ሲሰማ ደሙ ፈላ። ‹‹አብደሻል? ሰው ካሴቱ ተበላሽቷል ብሎ ይመልስልኛል! ጥቂት አባዝቼ አወጣዋለሁ፤ ቃሌን አላጥፍም። ከተመለሰ ግን ከእኔ ጋር ያላችሁ ነገር ያበቃል።›› እንድሪስ ደግሞ የባሰ ተናገራት። ‹‹የእኔን ዕድል ለአክስታችን ግጥም ለወጥሽው›› አለና ልብሱን በሻንጣ አሰናዳ። የሆቴሉ ባንድ የሰጠው ቀጠሮ ሁለት ሳምንት ቀርቶታል።

አልበሙ ወጣ። ነጋዴውም እንዳለው ሆነ። በሦስተኛው ቀን አንዱ መለሰ። በአምስተኛው ቀን ሦስት ሰዎች መለሱ። ሁሉም የሚሉት አንድ ነው፤ ‹‹መሃል ላይ ዘፋኙ ይጠፋል።›› ነጋዴው ስልክ ደወለና ‹‹ነይና ገንዘባቸውን አንቺው መልሺላቸው!›› ብሎ ዘጋባት። መዲና ከተማ ወዳለው የካሴት ሱቁ ሄደች። ሱቁ ጥግ በርጩማ ላይ ተቀምጣ በሩን ማየት ሆነ ሥራዋ። ሰው በገባ ቁጥር ልትነሳ ትልና መልሳ ትቀመጣለች።

ከቀትር በኋላ አንዲት ልብስ ሰፊ ካሴቱን ይዛ ገባች። የለካችበት ሜትር አንገቷ ላይ እንደተንጠለጠለ ነው።

‹‹ይሄ ነገር ተበላሽቷል›› አለች።

ነጋዴው መዲናን በዐይኑ ወጋትና ‹‹ይኸው ስሚ!›› ብሎ ካሴቱን ከቴፑ ከተተው። ዘፈኑ ተጀመረ፤ ይመር ዘፈነ፤ ዝም አለ። ቤዙ ዞረ። ሦስቱም ቆመው አዳመጡ። ማሲንቆው መጣ፤ ተቀበለ፤ ምንም የሚቀበለው ሳይኖር። ነጋዴው ‹‹አየሽ? አየሽ?›› አለ። ዘፈኑ ግን አላቆመም። ሁለተኛው ዙር መጣ። የነጋዴው ጣት ባንኮኒውን መምታት ጀመረች፤ እሱ አላወቀም። ሦስተኛው ዙር ሲደርስ፣ ሰው የጎተተው ይመስል ከአፉ ወጣ።

‹‹ከተማ ገብቼ ስንት ዘመን ኖሬ፣
ስሜን የሚጠራኝ አጣሁ እንዳገሬ።››

ማሲንቆው ወዲያው ተቀበለው። ቃል የለውም፤ ግን ልክ እሱ እንዳለው አድርጎ ተቀበለው። ነጋዴው ደነገጠ። በዚያ ሱቅ ሃያ ዓመት ሲሠራ ከየት እንደመጣ ለማንም ነግሮ አያውቅም፤ አነጋገሩንም ከከተሜው ጋር ካመሳሰለ ቆይቷል። አሁን ግን ያ ሁሉ ተረስቶ ግጥሙ የእናቱን አገር ቅላፄ ይዞ ነው የወጣው። ዐይኑ እንባ አቀረረ፤ አፍሮ ወደ መደርደሪያው ዞረ።

ልብስ ሰፊዋ ግን አላፈረችም። ‹‹ኧረ ቆይ፣ እንዲህ ነው እንዴ? እኔም አለኝ!›› አለች፤ ቀጣዩን ዙር ጠብቃም ወረወረችው።

‹‹የቤት አከራዬ መብራት ታጠፋለች፣
ጨረቃን ምን ታርግ፣ ለኔም ትበራለች።››

ማሲንቆው ተቀበላት። በሩ ላይ የቆመ አንድ መንገደኛ በሳቅ ፈረሰና ‹‹ድገሙት፣ ድገሙት!›› አለ። ልብስ ሰፊዋ ካሴቷን ከቴፑ ራሷ አወጣች። ‹‹አልተበላሸም፤ እኔ ነኝ ዝም ያልኩት›› አለችና ይዛው ሄደች። መዲና እጇን አፏ ላይ ጭና አለቀሰች።

ውሸት አልጨምርም፤ ካሴቱ አገሩን አላጥለቀለቀም። የሚመልሰው ሰው ግን ቀረ። በየሰፈሩ ሰዎች የየራሳቸውን ግጥም፣ አንዳንዱ በየራሱ ቋንቋ፣ ይወረውሩበት ጀመር። እንድሪስ ሊሄድ ቀጠሮው ሁለት ቀን ሲቀረው የቤቱ ስልክ ጮኸ። ሻንጣው አጠገብ ሆኖ ለስልኩ የቀረበው እሱ ስለነበር እሱ አነሳው። ነጋዴው ነበር።

‹‹ሁለተኛውን አልበም መቼ ነው የምትጀምሩት?›› አለ።

‹‹ከእኛ ጋር አልጨረስክም እንዴ?›› አለ እንድሪስ።

‹‹ተወው እሱን። አንድ ነገር ብቻ ለእህትህ ንገርልኝ፤ ያቺ ክፍት ቦታ በጣም አጥራለች። ሁለት ስንኝ አይበቃኝም። አስረዝሟት።››

እንድሪስ ስልኩን ዘጋ። ሻንጣውን ከፈተና ልብሱን መልሶ ሰቀለ።

ብዙዎቻችን ገበያ ስንወጣ እንደ መዲና ነው የምናደርገው። ሥራችንን ከሁሉም ሰው ፍላጎት ቆንጥረን እንሞላዋለን፤ ከዚያም ሰው ለምን ዝም አለ ብለን እንጨነቃለን። የሩቁ ሰው ግን የእኛን አገር ለመውደድ የእኛ አገር መለዘብ አያስፈልገውም፤ የራሱን ይዞ የሚገባባት ትንሽ ቦታ ከተተወችለት ይበቃዋል። ከልብ የአገር የሆነ ነገር ለሌላውም የገዛ አገሩን ያስታውሰዋል።

እርስዎስ፣ ሁሉንም ደስ ላሰኝ ብለው ጢም አድርገው የሞሉት፣ ወዳጅዎ ግን ቆሞ ‹‹እኔ ምን ልሥራ?›› ብሎ የተቀመጠበት ነገር የለዎትም?